የልጃችሁ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፦ ትክትክ ሲጠረጠር ምን ይደረጋል?

የምሠራው አዳማ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። አንድ ጥያቄ በቀን ሁለት ሦስቴ ይመጣል። «እህቴ፣ ልጄን ሳሉ አልለቅ አለው። ያለፈው ሽሮፕ አልሠራለትም፤ ሌላ ቀይሪልኝ።» ስንት ጊዜው ነው ስል «ኧረ ቆይቷል» ይሉኛል። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር አልፎታል። እስካሁን ለምን ሐኪም አላየውም ስል ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ «አቧራው ነዋ!»

የአዳማን አቧራ አውቀዋለሁ። በበጋ ነፋሱ ሲነሳ ጠዋት የወለወልኩት ባንኮኒ ከሰዓት በጣት ይጻፍበታል። ነገር ግን አቧራ ልጅን ፊቱ እስኪጠቁር፣ የበላውን እስኪያስመልሰው ድረስ ለሳምንታት አያስለውም። እንዲህ ያለ ሳል ትክትክ ሊሆን ይችላል። ለትክትክ ሽሮፕ መቀያየር አይፈይድም፤ ቀኑን ብቻ ይበላል። ባንኮኒው ላይ ቆሜ በችኮላ የምናገረውን እዚህ በሙሉ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ፤ የቀረው ሁሉ የሚገባው እሱ ሲገባ ነው። ትክትክ ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በሳልና በማስነጠስ ነው። ባክቴሪያው አየር ቧንቧ ላይ ተጣብቆ መርዝ ይረጫል። ቧንቧችን ውስጥ አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ መርዙ እነሱን ይጎዳቸዋል። ስለዚህ አክታው አይወጣም፣ ልጁም ለማውጣት ይታገላል። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም የተጎዳው ቧንቧ እስኪያገግም ሳምንታት ይፈጃል። ሳሉ ቶሎ የማይለቀው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ
- ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ
- ቴርሞሜትር
- ደብተርና እስክሪብቶ
- የልጁ የክትባት ካርድ (የጤና መድህን ካርድ ካላችሁ እሱም)
- ኦአርኤስ፣ ሁለት ሦስት ከረጢት
- ለአፍንጫ የሚሆን የጨው ውሃ ጠብታ (ኖርማል ሳላይን)
- መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ 5 ሚሊ ሊትር
- ማንኪያ፣ ትንሽ ኩባያ፣ ለትውከት የሚሆን ሳህንና ንጹሕ ጨርቆች

ከሰዓቱና ከስልኩ ሌላ ብዙ ወጪ የለበትም። ስሪንጁን ከማንኛውም ፋርማሲ በጥቂት ብር ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ አደጋ መኖር አለመኖሩን እዩ

ሌላውን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ወደ ሌላ ደረጃ አትሂዱ። ባጃጅም ሆነ ታክሲ ያገኛችሁትን ይዛችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ይደወላል።

- ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ነው፣ ሳሉም በተከታታይ የሚመጣ ነው
- ሲያስል ወይም ካሳለ በኋላ ትንፋሹ ይቋረጣል
- ከንፈሩ ወይም ምላሱ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ይሆናል
- ጡት መጥባት ወይም መጠጣት አቅቶታል
- የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል
- አንቀጥቅጦታል፣ ወይም ደንዝዟል፣ ሲቀሰቅሱት አይነቃም
- ትንፋሽ ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል
- ከታች ባለው አቆጣጠር ትንፋሹ ፈጣን ነው

ትንፋሽ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ከሆዱ ከፍ አድርጉ። ሆዱ አንዴ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። እያለቀሰ ወይም እየጠባም አይቆጠርም። በደቂቃ፦

- ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ
- ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ
- ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ

ከሆነ ፈጣን ነው። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ትክትክ ይዟቸው ከሚሞቱ ሕፃናት አብዛኞቹን የሚገድላቸው የሳንባ ምች ነው።

የ6 ወሩን ነገር ሳልደግመው አላልፍም። ትንሽ ሕፃን እንደ ትልቅ ልጅ አያስልም። የታወቀው የትክትክ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። አንድ ቀን አንዲት አያት የ3 ወር ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። «ትንሽ ያስለዋል፣ የሚጠጣ ነገር ስጪኝ ልጄ» አሉኝ። እያወራን ሕፃኑ ሁለት ጊዜ እህ እህ አለ፣ አፉን ከፈተና ዝም አለ። አያቱ «ተኛልኝ» ብለው ጋቢውን መለስ አደረጉበት። ገልጬ ሳየው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ጀርባውን አሸሁት፣ ውስጥ እግሩን መታ መታ አደረግሁት፣ ተንፍሶ አለቀሰ። በያዝነው ባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ልጁ ዳነ። አያቱ ምንም አላጠፉም፤ ዝምታው እንቅልፍ ይመስላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕፃን ትንፋሹን ቢያቋርጥባችሁ ጀርባውን እሹት፣ ውስጥ እግሩን በጣታችሁ ምቱት። ካልተነፈሰ ጀርባው ላይ አስተኙት። አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፋችሁ ሸፍናችሁ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ በቀስታ ተንፍሱበት፤ በየ3 ሰከንዱ አንድ ጊዜ። ሌላ ሰው መኪና ይጥራ። በኃይል አትንፉ፤ ሳንባው ትንሽ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳሉ የጀመረበትን ቀን ጻፉ

«ቆይቷል» ቀን አይደለም። ገበያ የሄዳችሁበትን፣ ልደት የነበረበትን፣ በዓሉን እያስታወሳችሁ ቀኑን አግኙት። ንፍጥና ትኩሳት ከሳሉ በፊት ጀምሮ ከሆነ እሱንም ጻፉ።

ለምን? ሐኪሙ የሚወስነው በቀን ነውና። 14 ቀን ያለፈው የልጅ ሳል ተራ ጉንፋን ተብሎ አይታለፍም፤ ትክትክ፣ ቲቢ፣ አስም ይታሰባሉ። የትክትክ መድኃኒትም ለልጁ ራሱ ይበልጥ የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው። ከአፍንጫ ጥልቅ ክፍል ናሙና ተወስዶ የሚደረገው ምርመራም ይበልጥ የሚታመነው በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ነው።

ትክትክ ብዙውን ጊዜ ልጁ ከታማሚ ጋር በተገናኘ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይጀምራል። የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጉንፋን ነው የሚመስለው፦ ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ ቀላል ሳል። ትኩሳት የለም ወይም ቀላል ነው። ሰው የሚዘናጋው በዚህ ጊዜ ነው፤ በሽታው በብዛት የሚተላለፈውም በዚሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ኃይለኛው ሳል ይመጣል፤ ከ1 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴ እስከ 10 ሳምንት ይቆያል።

ደረጃ 3፦ ሳሉን አዳምጡ፣ ቅረጹትም

የትክትክ ሳል አመጣጥ አለው። ልጁ እየተጫወተ ድንገት ያቆማል። ከዚያ በመሀል ትንፋሽ ሳይስብ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ያከታትለዋል። ዓይኑ ይፈጣል፣ ምላሱ ይወጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል። መጨረሻ ላይ አየር ሲስብ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ነፋስ ያለ ረጅም የ«ሂይይ» ድምፅ ይሰማል። ወፍራም የሚዝለገለግ አክታ ያወጣል ወይም ያስመልሳል። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሄዶ ይጫወታል። ሌሊት ይብሳል።

ችግሩ ያለው «ምንም እንዳልሆነ» የሚለው ላይ ነው። በሁለት ሳል መሀል ልጁ ጤነኛ ይመስላል። ጤና ጣቢያ ወረፋ ስትጠብቁ አንዴም ላያስል ይችላል። ደረቱም ሲደመጥ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እናትየዋ «ሌሊቱን ሙሉ አስለቀሰኝ» ትላለች፣ ባለሙያው ፊት ግን ልጁ እየሳቀ ነው።

ስለዚህ ቅረጹት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲነሳበት አንዱ ልጁን ይያዝ፣ ሌላው መብራት አብርቶ አንድ ደቂቃ ይቅረጽ። ፊቱ ይታይ፣ ድምፁ ይሰማ። መጨረሻ ላይ አየር የሚስብበትን ሳይዝ አይቋረጥ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ቪዲዮው ይቅር፤ ልጁን ያዙ።

ደብተሩ ላይ ደግሞ በየቀኑ ይህን ብቻ ጻፉ፦ ስንት ጊዜ ተነሳበት፣ ስንቴ አስመለሰ፣ ፊቱ ጠቆረ ወይስ አልጠቆረም፣ ትኩሳቱ ስንት ነበር። ሦስት ቀን ከተጻፈ ይበቃል። በጽሑፍና በቪዲዮ የመጣ ነገር «ያስለዋል» ከሚል ቃል ይሻላል።

ዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ደም የቋጠረ ካያችሁ አትደንግጡ። ከሳሉ ጉልበት የተነሳ ትናንሽ የደም ሥሮች ፈንድተው ነው፤ በራሱ ይጠፋል። ለሐኪሙ ግን አሳዩት።

ደረጃ 4፦ የክትባት ካርዱን አውጡ

የትክትክ ክትባት ለብቻው አይሰጥም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ጭን ላይ የሚወጋው አምስት በሽታን የሚከላከለው ክትባት ውስጥ አለ። ካርዱ ላይ «ፔንታ 1፣ 2፣ 3» ተብሎ ይጻፋል። የሦስቱም ቀን ተሞልቷል?

አንዱ ከጎደለ ትክትክ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሦስተኛው ነው። «ሁለተኛውን ተወግቶ ስላተኮሰው ፈራሁ» ይባላል። ከክትባት በኋላ የሚመጣ ቀላል ትኩሳት የተለመደ ነው፤ ቀጣዩን አያስቀርም። ያቋረጠ ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ አይጀምርም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ሦስቱም ከተሞሉ ደግሞ «እንግዲያው ትክትክ አይደለም» ብላችሁ አትዝጉት። ክትባቱ በሽታው እንዳይከብድ ያደርጋል፤ መከላከያው ግን ከዓመታት በኋላ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ወር ሙሉ የሚያስለው ትልቅ ወንድም ወይም አባት ሳያውቅ ለሕፃኑ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቤት ውስጥ ሌላ ማን እንደሚያስል ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ሌላ ምክንያት እንዳለ አስቡ

በሽታውን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። እናንተ ግን የምታውቁትን ካልነገራችሁት አያገኘውም። እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ፦

- ሳሉ የጀመረው ድንገት፣ ልጁ ቆሎ ወይም ለውዝ እየበላ ወይም በትንሽ ዕቃ እየተጫወተ ነው? ሳንባው ውስጥ የገባ ነገር ሊኖር ይችላል። ይህ በሽሮፕም በአንቲባዮቲክም አይድንም፤ በመሣሪያ መውጣት አለበት። ከሳምንታት በፊት የሆነ ቢሆንም ተናገሩ። ልጁ ያኔ ትን ብሎት ከዚያ ደህና ስለሆነ ብዙ ወላጅ ይረሳዋል።
- ሞግዚቷን ጨምሮ ቤት ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው አለ? ልጁ ከስቷል? ሌሊት ያልበዋል?
- ሲተነፍስ ሲር ሲር ይላል? ሲሮጥ ወይም ሲበርደው ይብስበታል? አስም ሊሆን ይችላል።
- ትኩሳቱ ከፍተኛ ነው? ትክትክ ብቻውን ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም። ካለ የሳንባ ምች ተደርቦ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

ደረጃ 6፦ ጤና ጣቢያ ውሰዱት

የአደጋ ምልክት ከሌለው የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ይጀምር። ካስፈለገ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ሪፈር ይጽፉላችኋል። በጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ ሪፈሩ የግድ ስለሆነ ወረቀቱን እንዳትጥሉት።

ካርዱን፣ ደብተሩን፣ ቪዲዮውን፣ እስካሁን የሰጣችሁትን መድኃኒት ሁሉ ከነጠርሙሱ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። «ቀይ ሽሮፕ» ማለት አይረዳም፤ ቀይ ሽሮፕ ብዙ ነው።

ሲገቡ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ከጀመረው 19 ቀን ሆኖታል። ሌሊት ያከታትልበታል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ ያስመልሰዋል። ፔንታ 3 አልወሰደም። ትክትክ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ቪዲዮው ይኸው።» ትክትክ የሚለውን ቃል ራሳችሁ አንሱት። ባለሙያን መዳፈር አይደለም።

ባለሙያው ትንፋሹን ይቆጥራል፣ ደረቱን ያዳምጣል፣ ይመዝነዋል። የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል፤ በትክትክ ጊዜ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በጣም ሊጨምሩ ይችላሉ። ራጅም ሊታዘዝ ይችላል። የአፍንጫ ናሙናው ሁሉም ቦታ ስለማይሠራ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በምልክቱ ነው። ያለ ምርመራ ሕክምና ቢጀመር አትገረሙ።

ደረጃ 7፦ መድኃኒቱን በትክክል ስጡ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ በየቀኑ የማየው ስህተት እዚህ ነውና።

ለትክትክ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አዚትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ለ5 ቀን። መጠኑ የሚሰላው በልጁ ክብደት ስለሆነ የጎረቤት ልጅ የወሰደውን መገመት አይሆንም። ያለ ሐኪም ማዘዣም አትግዙት። በእሱ ምትክ ሊታዘዝ የሚችለው ኤሪትሮማይሲን ከ1 ወር በታች ላለ ሕፃን የጨጓራ መውጫ መጥበብ ሊያስከትል ስለሚችል ዕድሜውን በትክክል ተናገሩ።

የልጆች አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ ዱቄት ሆኖ ይመጣል። ፋርማሲው ካልበጠበጠላችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. ውሃ አፍልታችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙ። ትኩስ ውሃ መድኃኒቱን ያበላሻል።
2. ጠርሙሱን ሳትከፍቱ መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። ዱቄቱ ታች ከተጋገረ እኩል አይሟሟም።
3. መጀመሪያ የውሃውን ግማሽ ጨምራችሁ በደንብ ናጡ። ከዚያ ምልክቱ እስካለበት ወይም ወረቀቱ እስከሚለው መጠን ሙሉ፣ እንደገና ናጡ። ውሃው ከበዛ መድኃኒቱ ይቀጥናል፣ ካነሰ ይበረታል።
4. የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።
5. በየቀኑ ከመስጠታችሁ በፊት ናጡ። ካልተናጠ የመጀመሪያው ቀን ውሃ፣ የመጨረሻው ቀን ዝቃጭ ይሆናል።

ስትሰጡ በስሪንጅ ለኩ። የቤት የሻይ ማንኪያ አንዱ ከአንዱ ስለሚለያይ አያስተማምንም። ልጁን ቀና አድርጋችሁ ስሪንጁን በጉንጩ በኩል ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ስጡት። ጉሮሮው ላይ በአንዴ ከረጫችሁት ትን ይለዋል፣ ሳሉም ይነሳል። የተሻለው ጊዜ አንድ ዙር ሳል አልፎ ልጁ ሲረጋጋ ነው። ወዲያው ካስመለሰው እንደገና ከመስጠታችሁ በፊት ለፋርማሲ ባለሙያው ወይም ለሐኪሙ ደውላችሁ ጠይቁ።

አሁን ዋናው። በ3ኛው ቀን እናት ትመጣለች፦ «መድኃኒቱ አልሠራም፣ ያው ነው ሳሉ።» መድኃኒቱ እየሠራ ነው። አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ልጁም ለሌላው እንዳያስተላልፍ ያደርጋል። የተጎዳውን ቧንቧ ግን አይጠግንም። ኃይለኛው ሳል ከጀመረ በኋላ ከተወሰደ ሳሉ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ 5ቱን ቀን ጨርሱ፣ ሌላ አንቲባዮቲክም አትደርቡ። የተረፈ ካለ ለሌላ ልጅ አታስቀምጡት፤ ይጣል።

ደረጃ 8፦ ሳሉ ሲነሳበት እንዲህ ያዙት

ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ትንሽ ወደፊት ዘንበል ይበል። በጀርባው ተኝቶ ካስመለሰ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጀርባውን በቀስታ ደግፉ፤ አትምቱት። ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ትውከትንና ሳልን ያባብሳል። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ልጁ ሲደነግጥ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ደግሞ ሳሉ ይነሳል።

ሲያልፍለት አፉን ጥረጉለት። አፍንጫው ከታፈነ ሁለት ጠብታ የጨው ውሃ ጨምራችሁ ጥረጉ። ጥቂት ደቂቃ አሳርፉት። ከዚያ አብሉት፤ ሳሉ ገና ስላለፈ ምግቡ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ያስመለሰ ልጅ ባዶ ሆዱን አይደር።

ምግቡ ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይሁን፦ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ የድንች ሾርባ። ቆሎ፣ ደረቅ ብስኩት፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ለጊዜው ይቅር፤ ጉሮሮውን ስለሚነካው ሳሉን ይቀሰቅሳል። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን አያቋርጥ። ደጋግሞ ካስመለሰ ኦአርኤስ በማንኪያ ስጡት። አንዱ ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ሽንቱ ከቀነሰ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ውሃ አጥሮታልና ሆስፒታል ውሰዱት።

ደረጃ 9፦ ጭሱንና አቧራውን አርቁ

አቧራ ትክትክን አያመጣም፤ ሳሉን ግን ይቀሰቅሳል። ልጁ ያለበትን ክፍል በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፣ ጸጥ ሲል ክፈቱ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ቡናውም ከልጁ ክፍል ራቅ ብሎ ይቆላ። ዕጣኑ ለጥቂት ሳምንት ይቅር። ሲጋራ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይጨስ።

ደረጃ 10፦ ሌሎቹን ጠብቁ

ልጁ አንቲባዮቲክ ከጀመረ 5 ቀን እስኪሞላው ትምህርት ቤትም መዋያም አይሂድ። አንቲባዮቲክ ካልወሰደ ሳሉ ከጀመረ 21 ቀን ይጠብቅ። በተለይ ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናትና ልትወልድ ከተቃረበች ነፍሰ ጡር አርቁት። አራስ ጥየቃም አይወሰድ። ክትባቱ የሚጀምረው በ6 ሳምንት ስለሆነ አራስ ሕፃን ገና መከላከያ የለውም።

ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ሐኪሙን «የቤቱ ሰው መድኃኒት ይውሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምልክት ሳይታይባቸው መውሰድ የሚኖርባቸው አሉ። የታናናሾቹንም የክትባት ካርድ በዚያው ቀን እዩ።

እነዚህን አታድርጉ

*እንጥል አታስቆርጡ።* ሳል ሲበዛ «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እንጥል ትክትክን አያመጣም፣ መቁረጡም አያድነውም። ልጁ ደም ሊፈሰው፣ ሊመረቅዝበት፣ በመሣሪያው ሌላ በሽታ ሊገባበት ይችላል። ከዝርዝሩ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

*ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አትስጡ።* ቦቱሊዝም የሚባል ሰውነትን የሚያዝል መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ከዓመት በላይ ለሆነ ልጅ አንድ ማንኪያ ማር ጉሮሮውን ያለሰልስለታል፤ ትክትኩን ግን አያድንም።

*ቅቤ ወይም ዘይት አፍንጫው ውስጥ አትጨምሩ።* ወደ ሳንባ ይወርድና ሌላ ዓይነት የሳንባ ምች ያመጣል። ቪክስም ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቀባም፤ አፍንጫ ውስጥማ ለማንም አይገባም።

*የፈላ ውሃ እንፋሎት አታሳጥኑ።* በሳል የሚወራጭ ልጅ ውሃውን በራሱ ላይ ይደፋዋል። ተቃጥሎ የመጣ ልጅ አይቻለሁ።

*የአዋቂ ሳል ሽሮፕ ቀንሳችሁ አትስጡ።* በተለይ ኮዴይን ያለበት የልጅን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። የሚያስተኙ ሽሮፖችም ትንፋሹን እያቋረጠ ላለ ሕፃን አደገኛ ናቸው። ልጁ ተኛ ማለት ተሻለው ማለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ

በየሳምንቱ አስመዝኑት። ክብደቱ ከቀነሰ የሚያስመልሰው ከሚበላው በልጧል ማለት ስለሆነ ተመልሳችሁ ሂዱ። ትኩሳት አዲስ ከጀመረው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነም ቀጠሮ አትጠብቁ።

እየተሻለው ሲሄድ መጀመሪያ ትውከቱ ይቆማል፣ ቀጥሎ ሌሊቱ ይረጋጋል። ደብተራችሁ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ ታዩታላችሁ፤ በቀን 14 የነበረው 9፣ ከዚያ 4። ከወራት በኋላ ጉንፋን ሲይዘው ያው ሳል ተመልሶ ቢሰማ በሽታው አገረሸ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቧንቧው ገና ስሱ ስለሆነ ነው። ያኔም ከደረጃ 1 ጀምሩ፦ ልብሱን ከፍ አድርጋችሁ ትንፋሹን 60 ሰከንድ ቁጠሩ።